ከአያት የተወረሰ የኪስ ሽጉጥ፦ ስለ መሸጥና ተኩሶ ስለ መሞከር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምተዳደረው ደሴ ውስጥ የእጅና የግድግዳ ሰዓት በመጠገን ነው። የሰዓትን ጥርስና ሞላ የሚያውቅ ሰው የሽጉጥንም ሆድ ዕቃ ያውቃል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙ በመሆናቸው፣ ከወረኢሉ፣ ከተንታ፣ ከኩታበርና ከሐይቅ ሳይቀር የአባት ወይም የአያት የነበረች ትንሽ ሽጉጥ በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው ሱቄ ድረስ የሚመጡ ሰዎች ለዓመታት አልተቋረጡም። መሣሪያ አልገዛም፣ አልሸጥም፣ አልጠግንም፤ ፎቶግራፉን አይቼ የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ። የሚጠየቀው ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ በመሆኑ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

ገዢ አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን «አንድ ጥይት ተኩሰን ካላየነው አልገዛም» ይላል። ልፍቀድለት?

አይፍቀዱለት። ይህን የምለው ከሕጉ በፊት ከብረቱ ተነሥቼ ነው። እኔ ካየኋቸው የኪስ ሽጉጦች የሚበዙት የተሠሩት ጥይት በጥቁር ባሩድ ይሞላ በነበረበት ዘመን ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቀጣጠል ጢሱ ብዙ ቢሆንም ግፊቱ ለዘብ ያለ ነው። ጢስ አልባው ባሩድ በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1884 ከተገኘ በኋላ ግን የጥይት ግፊት እጅግ እየጨመረ በመሄዱ፣ ሽጉጥ ሠሪዎችም ብረታቸውን ማጠንከርና ማወፈር ግድ ሆነባቸው። ለቀድሞው ባሩድ ተብሎ የተሠራ ስስ ብረት የዛሬውን ጥይት ሲጎርስ፣ ጥይቱን የያዘው ተሽከርካሪ ክፍል፣ እኔ የጥይት ቤት እያልኩ የምጠራው፣ ከጎኑ ሊሰነጠቅ ወይም ከነአናቱ ሊበር ይችላል። የሚበረውም ወደ ዒላማው ሳይሆን ወደ ተኳሹ ጣትና ዓይን ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የአንድ ጥይት ሙከራ ምንም የሚያረጋግጠው ነገር አለመኖሩ ነው። ብረት ውስጡ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በዓይን ሳይታይ ሊቆይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ጥይት በሰላም ያሳለፈ ሽጉጥ ስንጥቁን አስፍቶ በሦስተኛው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ገዢው «ተኮሰ» ብሎ ረክቶ የሚሄደው ከቀድሞው ይልቅ የተዳከመ ዕቃ ይዞ ነው።

ቃሉ ወረዳ ውስጥ በአንድ ሠርግ ማግስት የሆነውን ላንሣ። የቤቱ ልጅ የአያቱን አምስት ጎራሽ ሽጉጥ ለአንድ እንግዳ ሊያሻሽጥ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ዳር ወረደ። እንግዳው «አብሽር፣ አንዲት ብቻ ናት» አለው። የመጀመሪያዋ ተተኮሰች፤ በሁለተኛዋ የጥይት ቤቱ አንድ ጎን ተነቅሎ ሲሄድ የልጁ አመልካች ጣት ከሁለተኛው አንጓ በላይ ተቆረጠ። በኋላ የሽጉጡን ቅሪት በፎቶግራፍ አይቼዋለሁ፤ የተሰበረው ብረት ጠርዝ ግማሹ አዲስና ብሩህ፣ ግማሹ ግን የጠቆረ ነበር። የጠቆረው ክፍል ስንጥቁ ከብዙ ዓመታት በፊት እንደ ጀመረ ያሳያል።

በመጨረሻም ስለ ገዢው ራሱ አስቡበት። የሚተኩስ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው መሣሪያ እንጂ የድሮ ዕቃ አይደለም። የድሮ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ሽጉጡ ተተኩሶ ከሚያይ ይልቅ ፈጽሞ ባይነካ ይመርጣል። ተኩሶ የመሞከር ጥያቄ ሲቀርብልዎ ሽያጩ እዚያው ላይ ቢቆም ይሻላል።

«ጥይት ገብቶለታል፤ ልክ ነው» ተብያለሁ። ከገባ ይስማማዋል ማለት አይደለም?

አይደለም፤ ብዙ አደጋ የሚመጣውም ከዚህ አስተሳሰብ ነው። የሰባት ነጥብ ስድሳ አምስት ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ ጥይት ለአውቶማቲክ ሽጉጥ በጢስ አልባ ባሩድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በመጠኑ ለድሮዎቹ የሠላሳ ሁለት ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ትንንሽ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም የጥይት ቤታቸው ለሚሽከረከር ሽጉጦች፣ ስለሚቀራረብ ብዙ ጊዜ ሰተት ብሎ ይገባል። ግፊቱ ግን ሪቮልቨሩ ከተሠራበት ጥይት በእጅጉ የበለጠ ነው። የሠላሳ ስምንት ካሊበር የሚባሉትም ቢሆኑ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ርዝመታቸውና ኃይላቸው የተለያየ ብዙ ዓይነት ናቸው።

አንዳንዶቹ የኪስ ሽጉጦች ደግሞ ከነጭራሹ ዛሬ ጥይት የላቸውም። በፈረንሳዊው ለፎሾ ስም የሚታወቀው አሠራር ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ጥይት ከጎኑ ወደ ላይ የወጣች ቀጭን መርፌ አለችው፤ የሽጉጡ መዶሻ፣ ማለትም ምላጩ ሲሳብ ጥይቱን የሚመታው ክፍል፣ ጥይቱን ከኋላ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መርፌዋ ላይ ይመታዋል። የጥይት ቤቱን ከኋላ በኩል ስታዩት በየቀዳዳው ጠርዝ ላይ መርፌዋ የምትቀመጥባት ትንሽ ጎድጓዳ ስንጥር ካለች ሽጉጡ የዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ጥይቱ ውስጡ ካለ በጣም አስፈሪ ነው፤ መርፌዎቹ ወደ ውጭ ስለወጡ ሽጉጡ ከመደርደሪያ ቢወድቅ አንዷ ተመትታ ሊተኮስ ይችላል።

ውስጡ ጥይት ይኑር አይኑር እንዴት አውቃለሁ?

አፈሙዙን ወደ ሰው፣ ወደ ራስዎም እጅና ጉልበት ሳያዞሩ፣ ጣትዎንም ከምላጩ አርቀው የጥይት ቤቱን ከጎን ይመልከቱት። በጥይት ቤቱና ከኋላው ባለው ብረት መካከል ባለችው ክፍተት የቀለህ ጠርዝ የሚመስል ነሐስ ካዩ ሽጉጡን ጥይት እንደ ጎረሰ አድርገው ይቁጠሩት። ምንም ካልታየም ቢሆን ጥይት እንደ ጎረሰ ማሰቡ አይጎዳም።

የብዙዎቹ የጥይት መግቢያ በቀኝ በኩል ከመዶሻው አጠገብ ያለች ትንሽ በር ናት። በሩ በእጅ ካልተከፈተ በመዶሻ፣ በቢላ ወይም በጉጠት አይታገሉት። ለአርባ ዓመት በቅቤ ተለውሶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእህል ጎታ ውስጥ የኖረ ሽጉጥ ቅቤው ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚይዘው፣ ጥይቱ ከቀዳዳው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ባሩድ እርጥበት እስካልነካው ድረስ መቶ ዓመት ቢቆይም አይሞትም፤ «አርጅቷል፣ አይሠራም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የተጣበቀ ጥይት ሲያጋጥም ሽጉጡን ባለበት አስቀምጦ ለፖሊስ ማስታወቅ ነው እንጂ ማሞቅ፣ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይም ጥይቱን በቡለን መግፋት ፈጽሞ አይገባም።

ታዲያ ካልተተኮሰ ገዢ በምን ያምናል?

ባዶነቱ በተረጋገጠ ሽጉጥ ላይ በዓይንና በእጅ የሚታዩ ነገሮች በቂ ናቸው። መዶሻው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲሳብ የጥይት ቤቱ አንድ ደረጃ ዞሮ መዶሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቆሞም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር በትክክል አልገጠመም ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ሽጉጥ የሚተኮስ እርሳስ የአፈሙዙን ጠርዝ እየገጨ፣ የተላጨው ፍንጣሪ በጎን በኩል ወደ ተኳሹና ወደ አጠገቡ ሰው ይረጫል። አፈሙዙን ከፊት በብርሃን ማየት፣ ጠመዝማዛው መስመር መኖሩን መመልከት፣ እጀታው ላይ ያለው እንጨት የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑን መለየት የቀረውን ይነግራል።

በባዶው ምላጩን እየሳቡ «ቀጭ፣ ቀጭ» ማድረግን ግን ተዉት። የእነዚህ ሽጉጦች ሞላ የሰዓት ሞላ እንደማለት ነው፤ ለመቶ ዓመት በአንድ ቦታ ታጥፎ የኖረ ስስ ብረት በድንገት ሲለቀቅ ይሰበራል። የተሰበረ የሰዓት ሞላ እቀይራለሁ፤ የእነዚህን ግን ማንም አይሠራውም።

በአውሮፓ አንድ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥንካሬው የሚፈተነው በቤልጅጓ ሊዬዥ፣ በፈረንሳይዋ ሴንት ኤቲየን፣ በእንግሊዞቹ ለንደንና በርሚንግሃም እንዳሉት ባሉ የመሣሪያ መፈተኛ ቤቶች ነው። ሽጉጡ በብረት ታስሮ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆነው በገመድ እየሳቡ፣ ሆን ብለው ከተለመደው የበለጠ ግፊት ባለው ጥይት ይተኩሱታል። ብዙ አገሮች ይህን ፈተና በጋራ ስምምነት የሚያካሂዱ ሲሆን ኢትዮጵያ የዚያ ስምምነት አባል አይደለችም። ስለዚህ ቦርከና ወንዝ ዳር የሚደረግ «ሙከራ» ከዚያ ጋር የስም ዝምድና እንኳን የለውም።

አያቴ ይህን ሽጉጥ ከመቅደላ፣ ከዓድዋ ወይም ከሰገሌ እንዳመጡት ይነገራል። እውነት መሆኑን ማወቅ ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ሐሰቱን መለየት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔ የምወደውም ይህንን ነው። ወሎ የሽጉጥ ታሪክ ያለበት አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው። የዓድዋ ዘማች የከተተው ወረኢሉ ላይ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው የሄዱትና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የተማረኩት ከዚሁ ከወሎ ተነሥተው ነው። ይህ ሁሉ ከኋላው ስላለ ማንኛዋም አሮጌ ሽጉጥ የአንዱ ዘመቻ ምርኮ ናት መባሏ አያስገርምም።

ብረቱ ግን የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን የሚገኙት ትንንሽ ሪቮልቨሮች የቤልጅግ ሥራ ሲሆኑ፣ በጥይት ቤቱ ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ የሊዬዥ መፈተኛ ቤት ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ኢ፣ ኤል እና ጂ፣ ታትመው ይገኛሉ። ከእንቁላሉ በላይ ዘውድ ካለ ያ ምልክት በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዘውድ ያለበት ሽጉጥ ከመቅደላ ሊመጣ አይችልም፤ የመቅደላ ጦርነት ሲካሄድ ያ ማኅተም ገና አልተቀረጸም ነበር። ምልክቱን ለማየት ጥፍር የሚያህል ቦታ ላይ በአጉሊ መነጽር ማተኮር ያስፈልጋል፤ እኔ የሰዓት መነጽሬን እጠቀማለሁ፣ እርስዎ በስልክዎ ካሜራ ቀርበው ቢያነሡት ይበቃል።

የጣሊያን ሥራ የሆነው ቦዴዮ የሚባለው ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ለጣሊያን ጦር የተመደበ፣ አሥር ነጥብ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ሲሆን፣ ለወታደር የተሠራው ዓይነት ምላጩ ወደ ፊት የሚታጠፍና መከለያ ቀለበት የሌለው በመሆኑ ወዲያው ይለያል። ለኪስ ተለቅ ይላል፤ ሆኖም ብዙ ቤተሰብ የኪስ ሽጉጥ ይለዋል። ጣሊያኖች በዓድዋም ሆነ በ1928ቱ ወረራ ይዘውት ስለመጡ ዓይነቱ ብቻ ዘመኑን አይነግርም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። ዓመቱ እ.ኤ.አ. ከ1896 የሚበልጥ ከሆነ የዓድዋ ምርኮ አይደለም፤ ምናልባት የማይጨው ወይም የአርበኞች ዘመን ዕቃ ነው፣ ይህም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም።

አንድ የተንታ ሰው ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው አያቴ ዋሽተዋል ማለት ነው?» ብለው ተቆጥተውኛል። አልዋሹም፤ ምናልባት የዘመቻው ሽጉጥ ተሸጦ ወይም ተወርሶ በሌላ ተተክቶ፣ ታሪኩ ብቻ ከአዲሱ ጋር ቀርቶ ይሆናል። የቤተሰቡን ታሪክ እንደ ተነገረ ጽፈው፣ ማን ለማን እንደ ሰጠው ስምና ዓመት ጨምረው፣ ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር ያስቀምጡት። ለሰብሳቢ ከሽጉጡ ይልቅ ይህ ወረቀት ሊበልጥበት ይችላል።

ሽጉጡ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ የመሣሪያ ሕግ አይመለከተውም ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ወሬ የመጣው ከአሜሪካ ሕግ ይመስለኛል። እዚያ አገር ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መሣሪያ በፌዴራል ሕጉ በተለየ ሁኔታ ይታያል፤ ያ ግን የአሜሪካ ሕግ ነው። በእኛ አገር ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥ ያስቀጣል፤ አርጅቷል ማለትም ከተጠያቂነት አያድንም። ደላላው «አሮጌ ብረት ነው» ቢልዎ፣ ፍተሻ ላይ የሚቆሙት እርስዎ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ ያስታውሱ።

አባቴ ፈቃድ ነበራቸው፤ አሁን ግን አርፈዋል። ወይም ደግሞ ከመጀመሪያውም ፈቃድ አልነበረውም። ከየት ልጀምር?

ሽጉጡን ቤት ትተው ራስዎ ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ሽጉጥ በኪስ ይዞ «ላስመዘግብ ነው የመጣሁት» እያሉ በፍተሻ ኬላ ማለፍ፣ በተለይ በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ፣ ትልቅ ስሕተት ነው። የሟቹ ፈቃድ በእርሳቸው ስም የተሰጠ በመሆኑ የፈቃዱን ወረቀት ወይም ቅጂውን፣ የሞት ማስረጃውን፣ የወራሽነት የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለም እርሱን፣ እንዲሁም የሽጉጡን ፎቶግራፍና ቁጥሩን ይዘው ቢቀርቡ አነጋገርዎ ቀና ይሆናል። የሽጉጡ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእጀታው ሥር ወይም ከጥይት ቤቱ ፊት ባለው ብረት ላይ ነው። ፈቃድ ያልነበረው ከሆነ ማመልከቻዎን በጽሑፍ አቅርበው፣ ሽጉጡ እንዴት በእጅዎ እንደ ገባ ሳይሸፋፍኑ ገልጸው፣ የተቀበሉበትን ቀን በማመልከቻው ቅጂ ላይ ያስፈርሙ።

አንዳንድ ሰዎች በደርግ ዘመን አሰሳ የተሰወረ መሣሪያ ዛሬ ቢያወጡት ያኔ በመደበቃቸው የሚጠየቁ ይመስላቸውና ዝም ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ከማውጣታቸው በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን በድብቅ መሸጥ ያንን ፍርሃት ወደ እውነተኛ ወንጀል መለወጥ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመዴ በውድ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይችላል። ልላክለት?

አይላኩ። የመሣሪያ ሕጉ ብቻ ሳይሆን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ የተገኘ ሽጉጥ በአውሮፕላን ማረፊያ ምን እንደሚያስከትል መዘርዘር አያስፈልግም።

ዋጋው ስንት ይሆናል?

ዋጋ አልናገርም። በኢንተርኔት የሚታየው የጨረታ ዋጋ ፈቃድ ያለው ሻጭ፣ ፈቃድ ላለው ገዢ፣ በሌላ አገር ሕግ የሸጠበት ስለሆነ ለእርስዎ ምንም አይነግርዎትም። ደግሞም ሊዬዥ ውስጥ የተሠሩ ትንንሽ ሪቮልቨሮች በዘመናቸው በርካሽ የሚሸጡ፣ በገፍ የተሠሩ ዕቃዎች ነበሩ፤ የሠሪው ስም የሌለባቸውም ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዱ ዓይነት ቬሎ ዶግ የሚባለው ለብስክሌት ነጂዎች ውሻ ማባረሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። የጀግና ምርኮ ነው የተባለ ሽጉጥ የፓሪስ ብስክሌተኛ ውሻ ማስፈራሪያ ሆኖ ሲገኝ መሳቅም ማዘንም ያምራል።

ከመሸጤ በፊት ላጽዳው? ላወልውለው?

አያወልውሉት። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የአጎቴን ሽጉጥ ደስ ላሰኛቸው ብዬ በብርጭቆ ወረቀትና በአመድ ፈትጌ እንደ አዲስ ብር አብለጭልጬዋለሁ። ሲያበራ አጎቴ መረቁኝ። ከዓመታት በኋላ ስለ ምልክቶች ሳውቅ በጥይት ቤቱ ላይ የነበረው ማኅተም በገዛ እጄ ተፍቆ እንደ ጠፋ ተረዳሁ፤ የቀረው ከእንቁላሉ ቅርጽ አንድ ጫፍ ብቻ ነበር። የሽጉጡን ዘመን አሁን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ባዶነቱ የተረጋገጠ ሽጉጥ የሚያስፈልገው ደረቅ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው። ቡናማው ቀለም ዝገት ሳይሆን የዕድሜ ልብሱ ሊሆን ይችላል። ቅቤ አይቀቡት፤ ቅቤ ሲበላሽ ብረቱን ይበላዋል። በቆዳ አፎት ውስጥ ማኖርም እርጥበት ይዞ ያዝገዋል፤ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በተቆለፈ ሣጥን ማስቀመጥ ይሻላል።

አፈሙዙን በብየዳ ደፍኜ እንደ ጌጥ ብሸጠውስ?

በራስዎ ውሳኔ አያድርጉት። የተደፈነ ሽጉጥ መሣሪያ መሆኑ ቀርቷል ወይ የሚለውን የሚወስነው ፖሊስ እንጂ በያጁ አይደለም። ከዚህም በላይ ውስጡ ጥይት ባለበት ሽጉጥ ላይ የብየዳ እሳት ማስጠጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ከላይ ካነበቡት ይገባዎታል።

መሸጡን ትቼ ለሙዚየም ልስጠው ብል ይቀበሉኛል?

ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የፖሊስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ለሙዚየም የሚጠቅመው ሽጉጡ ብቻ ስላልሆነ ታሪኩን የጻፉበትን ወረቀት አብረው ያስረክቡ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። ደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስለ ተዘረፈ ብዙ ቤተሰብ «ሰጥተን ሊጠፋብን ነው» ብሎ ያመነታል፤ ይህን ማመንታት አልነቅፍም። ሊሰጡ ከወሰኑ ግን ከማስረከብዎ በፊት ሽጉጡን በግራና በቀኝ፣ ከላይና ከታች፣ ማኅተሙንና ቁጥሩንም አቅርበው ፎቶግራፍ ያንሡትና አንዱን ቅጂ ለሙዚየሙ፣ አንዱን ለቤትዎ ያስቀሩ። ፎቶግራፉን ሲያነሡ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፤ መጠኑ የሚታወቀው በእርሷ ነው።